በስንት ሰዓት፣ በማን ቋንቋ?

የጎልማሶች ትምህርትን በቴክኖሎጂ ስለማስፋፋት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ስልክና ስለ ኔትወርክ ይሆናል። በጋሞ ዞን፣ ካምባ ላይ ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ቀኑን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ የዋለች እናት በስንት ሰዓት፣ በማን ቋንቋ ትማር?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መሣሪያው ጥቁር ሰሌዳ፣ ኩራዝና ሬድዮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት አስገኘ፤ የሚያስተምርባቸው ቋንቋዎችም በኋላ 15 ደረሱ። ወላይትኛ ከ15ቱ አንዱ ነበር፤ ጋሞኛ ግን አልነበረም። ዛሬ ልጆች ጋሞኛን የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። ያኔ ሀ ሁ የቆጠሩ አባት የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ ቢገልጡ አፍ የፈቱበትን ቋንቋ ማንበብ ያቅታቸዋል። ለእኔ ከኔትወርክ መጥፋት ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

በኋላ የመጣው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ንባቡን ከእርሻና ከጤና ጋር አያያዘው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የገበሬዎች ነፃ መስመር 8028 ተከፈተ። ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ ምክር ይሰማል፤ ማንበብ አይጠበቅበትም። ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም የተጀመረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነው።

ከሁሉ የሚማርከኝ ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ያስፋፋው ዘዴ ነው። የልማት ሠራተኛው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ይዞ ይመጣል። ግድግዳው ላይ የሚታየው የሩቅ ባለሙያ ሳይሆን በአካባቢው ቋንቋ የሚናገር ገበሬ ነው። ቪዲዮው መሃል ላይ ይቆምና «ምን አየን?» ይባላል፤ ክርክሩም ይደራል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው። ነገር ግን ኢንተርኔትና እንግሊዝኛ ስለሚጠይቅ ደርሶ የሚጠቅመው 12ኛ ክፍል የጨረሰውን ወጣት እንጂ እናቱን አይደለም።

እንደ ዲጂታል ግሪን ያለ ቪዲዮ ግን ለእርሷም መድረሻ አለው፦ ጋሞ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት ዱቡሻ አለው። በየከተማው ገበያ ደግሞ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ትንንሽ ሱቆች አሉ። ለምሳሌ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከተክል ወደ ተክል የሚሄደው በቢላ ጭምር ነው፤ ቢላውን በእሳት መለብለብ ይከላከለዋል። ይህን በጋሞኛ የሚያሳይ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ከዘፈኑ ጋር ቢጫን፣ እናት ማታ ከልጇ ስልክ ላይ ታየዋለች፤ በማግስቱም ቢላዋን እሳት ላይ ትይዛለች።