«ፖሊሽ»፣ «ሰም» እና «ቅብ»፦ ስለ መኪና እንክብካቤ ቃላት አሰያየም

ለመኪና ጽዳትና እንክብካቤ የሚያገለግሉት የአማርኛ ቃላት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ የአካል ክፍሎች ስሞች ሲሆኑ ሁለተኞቹ የሥራ ግሦች ናቸው። በስያሜ ጉዳይ ላይ በሚደረግ ውይይት ትኩረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በስሞቹ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የግሦቹ ጉዳይ ይበልጥ አሳሳቢ መሆኑን ለማስረዳት ይሞክራል፤ በአንድ ግሥ ስሕተት ምክንያት ተመልሶ የማይጠገን ጉዳት ሊደርስ ይችላልና።

ስሞቹ አያስቸግሩም። ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖኪዮ፣ ቸርኬና ፍሬቻ ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። እያንዳንዱ ቃል አንድ የታወቀ ዕቃን ያመለክታል፤ ባለሙያውም ባለመኪናውም ሲሰማው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ስለዚህ ኮፋኖን «የሞተር ክዳን» በሚል ሐረግ መተካት ቢቻልም፣ የሚገኘው ጥቅም ከሚያስከትለው ግርታ አይበልጥም።

በአንጻሩ «ፖሊሽ ማድረግ» የሚለው አነጋገር ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን በአንድነት ይሸፍናል። አንደኛው የቅቡን ገጽ በስሱ ሞርዶ ጭረትንና ድብዛዜን ማስወገድ ነው። ሁለተኛው በቅቡ ላይ ሰም ደርቦ ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከአቧራ መከላከል ነው። የመጀመሪያው ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ይጨምራል። ግርታው ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። አማርኛ ተናጋሪው ፖሊሽ የሚለውን ቃል በይበልጥ የሚያውቀው ከጫማ ጋር ነው፤ ሊስትሮው ጫማን ፖሊሽ ሲያደርግ ሰምና ቀለም ይጨምራል እንጂ ከቆዳው ላይ አይቀንስም። ስለዚህ ሰሚው ለመኪናውም ፖሊሽ ባበዛ ቁጥር የሚጠቅመው ይመስለዋል።

የጉዳቱን መጠን ለመረዳት የቅቡን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቅብ ብዙ ንብርብር አለው፤ በላሜራው ላይ ዝገት ተከላካዩ፣ ከዚያ አስተካካዩ፣ ቀጥሎ ኅብረ ቀለሙ፣ በመጨረሻም ብርሃን አሳላፊው ቅብ ይደረባል። የንብርብሩ ጠቅላላ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ነው፤ ይህም ከአንድ ወይም ከአንድ ተኩል የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ጋር ይተካከላል። ከዚህ ውስጥ የላይኛው ብርሃን አሳላፊ ቅብ ድርሻ ከ40 እስከ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የፀሐይን ጨረር የሚከላከለው ንጥረ ነገር የሚገኘው በዚሁ ንብርብር ውስጥ ስለሆነ፣ በተደጋጋሚ ሲሞረድ ቅቡ ይሳሳል፤ ውሎ አድሮም እየደበዘዘ ይላጣል። ብርሃን አሳላፊ ቅብ በሌላቸው አሮጌ መኪናዎች ላይ ግን ሙረዳው በዓይን ይታያል፤ መወልወያው ጨርቅ የመኪናውን ቀለም ይዞ ይወጣልና። አዲሶቹ ይህን ምልክት ስለማይሰጡ፣ ማስጠንቀቂያው ከቃሉ ሊገኝ ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለእርማት በቀረበለት አንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ «መኪናውን በየወሩ ፖሊሽ ማድረግ ያስፈልጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አግኝቷል። በዋናው ጽሑፍ የታዘዘው ግን ሰም መቀባት ነበር። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለውም፤ በትእዛዙ መሠረት የሚሠራ ሰው ግን በዓመት 12 ጊዜ ቅቡን ይሞርዳል።

መፍትሔው ከነባሩ አማርኛ ይገኛል። ለመጀመሪያው ሥራ «ሞረደ» የሚለውን ግሥ መጠቀም ይቻላል፤ ቁሱም «የቅብ መሞረጃ» ይባላል። «ማለስለሻ» ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን «ለስላሳ» ሻካራ ያልሆነውንም ደረቅ ያልሆነውንም ስለሚያመለክት፣ ለወንበር ቆዳ ከሚቀባው ማለስለሻ ጋር ይምታታል። «መሞረጃ» የሚለው ስም ለጆሮ ቢሻክርም ተጠቃሚውን ያስጠነቅቃል። ለሁለተኛው ሥራ «ሰም ቀባ» በቂ ነው። እርግጥ ሰም በአማርኛ በመጀመሪያ የንብ ሰም ነው፤ የመኪና ሰም ግን ከካርናውባ ዘንባባ ቅጠል ወይም ከሰው ሠራሽ ቁስ ሊዘጋጅ ይችላል። ይህ የትርጉም መስፋፋት እንግዳ ነገር አይደለም። ብርጭቆ ወረቀት የምንለውም ዛሬ በአብዛኛው ከብርጭቆ አይሠራም፤ ስሙ ግን ጸንቷል።

የእጥበት ግሦችም ጥንቃቄ ይሻሉ። «ለቀለቀ» በጭቃ ወይም በአዛባ መምረግን ሲያመለክት፣ «አለቀለቀ» በንጹሕ ውሃ ማጥራትን ያመለክታል፤ የአንዲት ፊደል መውደቅ ትእዛዙን ይገለብጠዋል። «ወለወለ» እና «ጠረገ» ደግሞ ከ«አለቀለቀ» በፊት ሊቀመጡ አይገባም። አቧራ የተሸከመ መኪና በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል፣ በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ቅቡን ይጭረዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በጥላ ሥር በውሃ ማለቅለቅ፣ ከላይ ወደ ታች በመኪና ሻምፖ ማጠብ፣ እንደገና ማለቅለቅ፣ በመጨረሻም ማድረቅ ነው። «ፈተገ» የሚለው ግሥ ለጎማ እንጂ ለቅብ አይስማማም።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚከተሉት ፍቺዎች በረቂቅነት ቀርበዋል፦

(ሀ) ሞረደ፦ (በመኪና ቅብ) ደቃቅ ሞራጅ ባለበት ቅባት የቅቡን ገጽ በስሱ አነሣ፤ ጭረት አጠፋ።

(ለ) ሰም ቀባ፦ (በመኪና ቅብ) ከቅቡ ምንም ሳይቀንስ መከላከያ ንብርብር ደረበ።

(ሐ) አለቀለቀ፦ አቧራን ወይም የሳሙና ቅሪትን ያለ መፈተግ በንጹሕ ውሃ አስወገደ።

ተርጓሚው በዋናው ጽሑፍ ውስጥ «ፖሊሽ» የሚል ቃል ሲያጋጥመው አቻውን ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል፤ ቁሱ ሞራጅ አለበት ወይስ የለበትም? አንዳንዱ ቁስ ሞራጅንም ሰምንም አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ፣ መልሱ የሚገኘው ከመያዣው ጽሑፍ ወይም ከባለሙያው ነው። መልሱ ካልታወቀ ቃሉን እንዳለ በግዕዝ ፊደል መጻፉ ትርጉም ሊባል አይችልም፤ ስሕተቱን ወደ አንባቢው ማሸጋገር ብቻ ይሆናል።