«አንድ ፍሬ ብጨምርስ?»

አንድ የታክሲ ሾፌር ወዳጄ ለወገብ ሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት፤ ባለ 50 ሚሊግራሙን በቀን ሁለት ፍሬ። ተሻለው። ሰውነቱ ሲለምደው ግን ሐኪም ሳይጠይቅ አራት፣ ስድስት እያለ አስር ደረሰ። አንድ ቀን ተሳፋሪ ጭኖ መሪው ላይ አንቀላፋ። ረዳቱ ባይጮህ ኖሮ...

ልብ በሉ! ኪኒኑ ሲለመድ ማስታገሱ ይቀንሳል፤ አደጋው ግን አይቀንስም። ለአዋቂ በቀን ከ400 ሚሊግራም፣ ማለትም ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም። ሲበዛ እንደ ሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል። ከመጠጥ ወይም ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ከተደባለቀማ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

«በቃ፣ ዛሬውኑ ተውኩት» ማለትም ጣጣ አለው፤ ላብ በላብ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የሚቀነሰው በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ ነው።

ወዳጄ አሁን እየቀነሰ ነው። እናንተስ? ከመጨመራችሁ በፊት ጠይቁ!