ስለ ሰራውንድ አምፕሊፋየር አተካከልና አጠባበቅ በመተማ ቆላ

ሰሊጡን ሸጦ ወይም ዘመድ ከውጭ አገር ልኮለት የሰራውንድ አምፕሊፋየር ቤቱ ያስገባ የመተማ ሰው፥ ከዕቃው ጋራ የመጣው መመሪያ ብዙም እንደማይረዳው በቶሎ ይገባዋል። መመሪያው የተጻፈው ለቀዝቃዛ አገር ሳሎን ነውና፤ በአንዳንዱም ላይ አየሩ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ እንዳይሠራበት ተጽፏል። በመተማ ዮሐንስ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ 40 ዲግሪን ያልፋል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ያለ ዕድሜው እንዳይጠፋ፥ በቆላ አየር እንዴት ሊተከልና ሊጠበቅ እንደሚገባው ከአሠራሩ ተነሥተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በእኛ አገር ሪሲቨር ሲባል የዲሹ ሣጥን ነው፤ ፋብሪካዎች ግን ይህንንም አምፕሊፋየር በዚሁ ስም ስለሚጠሩት ገዢው ይደናገራል። ድምፅን ግራና ቀኝ ከፍሎ ለማሰማት እንግሊዛዊው አላን ብሉምላይን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1931 የፈጠራ መብት አመልክቶ ነበር። ሰራውንድ ይህንኑ ወደ ኋላ ያሰፋ ነው። በተለመደው ዐይነት አምስት ስፒከሮችና አንድ የባስ ሣጥን አሉ፤ ሁለቱ ከፊት፥ አንዱ በመካከል፥ ሁለቱ ከጎን ወደ ኋላ ይሆናሉ። የመካከለኛው ዋና ሥራ የፊልሙን ንግግር ማሰማት ነው።

አምፕሊፋየር ከመብራቱ የሚወስደውን ኃይል ሁሉ ድምፅ አያደርገውም፤ በተለመደው አሠራር እኩሌታው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱን የሚያስወጣው የአሉሚኒየም ክንፍ ከአካባቢው አየር በ50 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። ጎንደር ላይ አየሩ 20 ሲሆን ክንፉ 70 ይደርሳል፤ መተማ ላይ አየሩ 40 ሲሆን 90 ይሆናል። ያን ጊዜ መሣሪያው ራሱን ለመጠበቅ ድምፁን ይቈርጣል። ይህ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ እስኪበርድ መታገሥ ነው። የባሰው ጉዳት የማይታየው ነው። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች፥ መሐንዲሶች እንደሚገምቱት፥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜያቸው በእኩሌታ ያጥራል። እንግዲህ በ20 ዲግሪ ሙቀት 12 ዓመት የሚያገለግል ካፓሲተር በ40 ዲግሪ በ3 ዓመት ያልቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ዳንቴሉ ይነሣ። እናቶቻችን ቴሌቪዥኑንም ራዲዮኑንም በዳንቴል ማልበስ ይወዳሉ፤ ያማረ ልማድ ነው፥ ነገር ግን የአምፕሊፋየሩ መተንፈሻ ያለው አናቱ ላይ ነው። ከአናቱ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር፥ ከጎንና ከጎኑም ባዶ ቦታ ይተውለት፤ የዲሹም ሣጥን በላዩ አይደረብበት። በቈርቈሮ ቤት ሙቅ አየር ከጣሪያው ሥር ስለሚከማች፥ ከፍ ካለ መደርደሪያ ይልቅ ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። መተንፈሻውን የደፈነ አቧራ ከዳንቴል አይለይምና ሶኬቱን ነቅሎ በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ያስፈልጋል።

የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ነው፤ የሱዳኑም 230 ቮልትና 50 ኸርትዝ ስለ ሆነ ለገላባት ማዶ ገበያ የተሠራ ዕቃ በዚህ ረገድ አያስቸግርም። የሚያስፈራው ከአሜሪካ የተላከው ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር በተሰካ ጊዜ ይቃጠላልና፥ ጀርባው ላይ ያለውን ቍጥር ሳያነቡ መሰካት አይገባም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ስለሚዋዥቅ፥ በጠፋ ጊዜ ነቅሎ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መስካት ገንዘብ የማያስወጣ ጥበቃ ነው።

አድማጩ ቴሌቪዥኑን እያየ ሲቀመጥ የፊቶቹ ሁለት ስፒከሮች ከእርሱ ጋራ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። የኋላዎቹ ከፊት ለፊቱ መሥመር ግራና ቀኝ 110 ዲግሪ ገደማ፥ ማለት ከጆሮ ጥቂት ወደ ኋላ ይውላሉ። ቤቱ ጠቦ አልጋ ከኋላ ካለ ከራስ ከፍ አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል፤ በጭቃ ቤት ግን ሚስማሩ ቋሚው እንጨት ላይ ይመታ እንጂ ምርጊቱ ላይ አይሁን። ቀዩ ሽቦ ከቀይ፥ ጥቍሩ ከጥቍር ይገናኛል፤ አንዱ ከተገለበጠ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርሳቸው ይቃረኑና ባሱ ይሳሳል። ከዚያ የእያንዳንዱ ርቀት በሜትር ተለክቶ በመሣሪያው ይመዘገባል። ድምፅ በ20 ዲግሪ በሰኮንድ 343 ሜትር፥ በ40 ዲግሪ 355 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለቆላው ስሌቱ ይለወጥ ይሆን ብለን ብናሰላ፥ በ3 ሜትር ርቀት ልዩነቱ የሰኮንድ አንድ ሺኛ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ይተው።

ቈርቈሮና ሲሚንቶ ድምፁን መልሰው ይወረውሩታል፥ የሣር ክዳን ግን ይውጠዋል፤ በዚህስ ጎጆው ቪላውን ይበልጠዋል። ግድግዳው ላይ ጋቢ ቢሰቀል ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ባሱን አይቀንስም። ትልቁ ፈተና ክረምት ነው። ዝናቡ ቈርቈሮውን ሲደበድብ ሰው ቍልፉን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። ነገር ግን ድምፁ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ኃይሉ 10 እጥፍ ያህል መሆን አለበት። አምፕሊፋየሩ ከዐቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱን ጫፍ ይቈርጠዋል፤ ይህም ትንሿን የቀጭን ድምፅ ስፒከር ያቃጥላታል። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ቍልፉን መመለስ ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ ፊልሙ ቢቆይ ምን ይጎዳል?

የአገራችን ዘፈን በአብዛኛው የተቀረጸው ለሁለት ስፒከር ነው፤ የጥንቶቹ ሸክላዎች እንዲያውም ለአንድ። መሣሪያው ሁለቱን አምስት ላድርግ ሲል የዘፋኙ ድምፅ ይሳሳል፥ ማሲንቆውም ከጀርባ የመጣ ይመስላል። በእኛ አስተያየት ለዘፈን «ስቴሪዮ» የሚለውን መርጦ በፊቶቹ ሁለት ብቻ ማድመጥ ይሻላል። ሌሎቹ ስፒከሮች ሲያርፉም በዚያው ድምፅ አምፕሊፋየሩ ባይበርድ እንኳ ጥቂት ይቀልለዋል።