ሠራተኛው የሚነካውን ነገር ስለ ማወቁ

ሠራተኛ ከአጠገቡ በተቀመጠው በርሜል ውስጥ ምን እንዳለ የማወቅ መብት አለው ሲባል ነገሩ የማያከራክር ይመስላል። ዳሩ ግን ይህ መብት በሕግ የተጻፈው በቅርብ ጊዜ ነው፤ አስቀድሞም ብዙ ሰው ተጐድቷል። እኛ ከጉዳቶቹ አንዱን ብቻ እንመለከታለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው፥ የአገራችንን አዋጅ ሳይጨምር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በካሊፎርኒያ፥ ላትሮፕ በምትባል ስፍራ፥ የኦክሲደንታል ኩባንያ ፋብሪካ ዲቢሲፒ የተባለውን ፀረ ተባይ ያዘጋጅ ነበር። ሙሉ ስሙ ዳይብሮሞክሎሮፕሮፔን ሲሆን፥ በአፈር ውስጥ እየኖሩ የተክልን ሥር የሚያበላሹትን ጥቃቅን ትሎች ይገድላል። በ1977 በዚያ የሚሠሩት ወንዶች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ብዙዎቹ ልጅ መውለድ እንዳልቻሉ ተገነዘቡ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለብቻው ሲይዘው የቤቱ ምስጢር ያደርገዋል፤ በአንድነት ሲያወሩት ግን ጥያቄ ሆነ። በተመረመሩም ጊዜ የአንዳንዶቹ የዘር ሕዋስ እጅግ አንሶ፥ የሌሎቹም ፈጽሞ ጠፍቶ ተገኘ። መርዙ ሕመም ስለማያሰማ ሰውነታቸው አላስጠነቀቃቸውም።

የሚያሳዝነው ነገር ጉዳቱ አስቀድሞ ያልታወቀ አለመሆኑ ነው። የመድኀኒቱን ትነት የተነፈሱ አይጦች የዘር ፍሬያቸው እንደሚኰማተር የሚገልጽ ጥናት በ1961 ታትሞ ነበር፤ ይኸውም ከ16 ዓመት በፊት ማለት ነው። ለሊቃውንት በተዘጋጀ መጽሔት መውጣቱ ግን በርሜሉን ለሚሞላው ሰው ተነገረው ማለት አይደለም። በእንዲህ ያለ መጽሔት የምንጽፍና የምናነብ እኛም ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

በ1983 የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ዕቃው ሁሉ መለያ ጽሑፍ ይለጠፍበታል፤ ስለ ኬሚካሉ የሚያስረዳ ወረቀት በሥራው ቦታ ይቀመጣል፤ ሠራተኛውም ትምህርት ይሰጠዋል። የንግድ ምስጢር የሆነውን ስም መደበቅ ይፈቀዳል፤ ሆኖም ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ለሐኪም መግለጽ ግዴታ ነው። በ2003 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአገሮች ሁሉ የሚሆን አንድ ዓይነት ምልክት አሳተመ።

በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋና ስለ መጠንቀቂያው ለሠራተኞቹ እንዲያስታውቅ ያዛል። በእኛ አስተያየት ከባዱ ሥራ ማስታወቁ ነው። በአበባ እርሻ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው የማያነበው ቋንቋ በጀሪካኑ ላይ ቢለጠፍለት ምን ይረባዋል? ሥዕሉም ቢሆን ሁልጊዜ አይናገርም። የነበልባሉን ምልክት ማንም ያውቀዋል። እንደ ዲቢሲፒ ያሉትን፥ መውለድን የሚከለክሉ መርዞች የሚያመለክተው ግን በቀይ መስመር ውስጥ የተሣለ፥ ደረቱ ላይ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ የሰው ምስል ነው፤ ይህን ያልተማረ ሰው አይቶ ልብ ሕመም ነው ቢል አይፈረድበትም።