«ግማሹን ቆርሼ ብሰጠውስ?»

ዛሬ ከፋርማሲ መስኮት ጀርባ ሆኜ ደጋግሜ የምሰማውን አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። «እኔ የምወስደው ኪኒን እያለ ለልጁ ለምን ሌላ ይታዘዛል? ግማሹን ቆርሼ ብሰጠውስ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወጣት እናቶችና አባቶች፣ አንዳንዴም ታናሽ ወንድማቸውን የሚያሳድጉ እህቶች ናቸው። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ትንሽ ሰው ትንሽ መድኃኒት ይበቃዋል ማለት በሒሳብ ያስኬዳል። ችግሩ ሰውነት በዚህ ሒሳብ አለመሥራቱ ነው።

እስቲ ከጨቅላው እንጀምር። መድኃኒት ሥራውን ከሠራ በኋላ ከሰውነት መውጣት አለበት። በአብዛኛው የሚያፈርሰው ጉበት፣ የሚያስወጣው ደግሞ ኩላሊት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁለቱም አሉት፤ ግን ገና ሥራ ለማጆች ናቸው። ኩላሊቱ ከሰውነቱ መጠን አንፃር የአዋቂን ያህል ማጣራት የሚችለው አንድ ዓመት ሲጠጋው ነው። እስከዚያው መድኃኒቱ ቶሎ አይወጣም፤ በላዩ ሌላ ሲጨመር ይከማቻል።

ይህ ትምህርት ሕይወት ተከፍሎበታል። ክሎራምፊኒኮል የተባለው ፀረ ባክቴሪያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጨቅላ ሕፃናት በብዛት ይሰጥ ነበር። የሕፃናቱ ሆድ ይነፋል፣ ቆዳቸው አመድ ይመስላል፣ ከዚያም ይሞታሉ። ምክንያቱ ጉበታቸው መድኃኒቱን ማፍረስ አለመቻሉ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1959 በሕክምና መጽሔቶች ወጣ። ሰልፋ የተባሉት መድኃኒቶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጨቅላውን ቢጫ የሚያደርገውን ቢልሩቢን ከተጣበቀበት ፕሮቲን ያላቅቁታል፤ የተላቀቀው ደግሞ ወደ አንጎል ሊገባ ይችላል። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ካለ እናት የተወለደ ሕፃን ኮትሪሞክሳዞል የሚጀምረው እንደተወለደ ሳይሆን 6 ሳምንት ገደማ ሲሞላው የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንደተወለደ የሚጀመረው የመከላከያው የኔቪራፒን ሽሮፕ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ሲወለድ 2.5 ኪሎና ከዚያ በላይ የመዘነ ሕፃን በቀን 15 ሚሊግራም ማለትም 1.5 ሚሊ ሊትር ይወስዳል፤ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ የመዘነው ግን 1 ሚሊ ሊትር ብቻ። አያችሁ፣ የጥቂት ግራም ልዩነት መጠኑን በሲሶ ይቀንሰዋል። ስለዚህ የሻይ ማንኪያ አይሆንም። ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል። በሲሪንጅ ነው የሚለካው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሕፃኑ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ጉበቱ ከክብደቱ አንፃር ሲታይ ከአዋቂው ይበልጥ ፈጣን ይሆናል። ብዙ መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ ያፈርሳል። ስለዚህ በኪሎ ሲሰላ ከእናንተ የበለጠ ያስፈልገዋል! ዶሉቴግራቪርን እንውሰድ። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን 50 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊግራም እንኳ አይደርስም። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ግን 10 ሚሊግራም ከሆነው በውኃ የሚሟሟ የልጆች ኪኒን 2 ይወስዳል። ለአንድ ኪሎ 2 ሚሊግራም መሆኑ ነው።

ቆርሶ መስጠት የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ከ14 ኪሎ ጀምሮ 20 ኪሎ እስኪሞላው ድረስ ልጁ የሚወስደው 2 ኪኒን ተኩል፣ ማለትም 25 ሚሊግራም ነው። «ታዲያ የአዋቂው 50 ሲቆረስ 25 አይደል?» ትሉ ይሆናል። አይደለም! የሚሟሟው ኪኒን ወደ ደም የሚገባው በተሻለ ሁኔታ ስለሆነ፣ የእሱ 30 ሚሊግራም የአዋቂውን 50 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። ስለዚህ የተቆረሰው የአዋቂ ኪኒን ልጁ ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ነው። ልጁ 20 ኪሎ ሲሞላ ደግሞ ሙሉውን የአዋቂ ኪኒን ይወስዳል፤ ያኔም ቢሆን መቁረስ የለም። ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ የያዘ የልጆች ኪኒንም አለ፤ የእሱ ቁጥር ሌላ ስለሆነ የጎረቤት ልጅ የሚወስደውን አይታችሁ አትቁጠሩ።

በሚዛን ላይ ሙጭጭ የምንለው ለዚህ ነው። ልጅ ያድጋል፣ የታዘዘለት መጠን ግን አብሮት አያድግም። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለወንድሟ መድኃኒት የምትወስድ ነበረች። አንድም ቀን አታሳልፍም፤ ጎበዝ ናት። ልጁን ግን ትምህርት እንዳይቀርበት ብላ ለወራት አላመጣችውም። በመጨረሻ ሲመዘን ሦስት ኪሎ ጨምሮ የሚገባው መጠን አልፎት ነበር። መጠኑ ሲያንስ ቫይረሱ ይባዛል፤ መድኃኒት እያለ ሲባዛ ደግሞ ይለማመደዋል። ለልጆች የሚሆኑት የመድኃኒት ዓይነቶች ከአዋቂው ያነሱ ስለሆኑ አንዱን ማጣት ከባድ ነው።

ጣዕሙም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቀደም ሲል ይሰጥ የነበረው የሎፒናቪርና ሪቶናቪር ሽሮፕ እጅግ መራራ ሆኖ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ነበረው፤ ከካቲካላ ብዙም አይርቅም! እኔ የዚያን ዘመን እናቶች ትዕግሥት አደንቃለሁ። የሚሟሟው ዶሉቴግራቪር እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ በመምጣቱ ብዙ ልቅሶ ቀርቷል። በጥቂት ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል፤ ብርጭቆው ሥር የቀረውም በትንሽ ውኃ ታጥቦ ይሰጠዋል።

ለሌላ ሕመምም እንዲሁ ነው። ፓራሲታሞል ለልጅ በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ በትንሿ ጠርሙስ የሚመጣው ጠብታ ግን ከሽሮፑ ብዙ እጥፍ ሊበረታ ስለሚችል በሽሮፑ ልክ እንዳትሰጡት። አስፒሪን ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ልጅ አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የሚባል ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ቴትራሳይክሊን ደግሞ በማደግ ላይ ያለ ጥርስን ያበላሻል።

«ቢያስመልሰውስ?» ለሚሉኝ፦ ከዋጠ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰ አብዛኛውን ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ ከቆየ እስከ ቀጣዩ ሰዓት ይጠበቃል። በየቀኑ የሚያስመልሰው ከሆነ ግን ልጁን ይዛችሁ ኑ፤ በዚያውም እንመዝነዋለን።