የመኪናን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በቤት ስለ መለወጥ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዐባይ በረሓ ወርዶ፥ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ወደ ደጀን ሲወጣ፥ ኮፈናቸውን ከፍተው በመንገድ ዳር የቆሙ መኪናዎችን ማየቱ አይቀርም። ሽቅቡ ከ1,000 ሜትር በላይ ነውና ሞተሩ ሲጨነቅ በውስጡ ያለው ውሃ ይፈላል። እኛም አንድ ዓመት ቤተ ሰባችንን ይዘን ስንጓዝ ከእነዚያ ከቆሙት አንዱ ሆነን ነበር። ባለማወቃችን ፈጥነን የራዲያተሩን ክዳን ልናዞር እጃችንን ስንዘረጋ፥ ከኋላችን የቆመ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር «ጋሼ፥ ይተዉት! ፊትዎን ይልጠዋል!» ብሎ ጮኸብን። አንድ ሰዓት ያህል በጥላ ሥር አስቀምጦን፥ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ክዳኑን እርሱ ራሱ በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተልን። የወጣውም ውሃ እንደ ጡብ አፈር የቀላ፥ ዝገት የሞላበት ነበር።

ጥፋቱ የመንገዱ ሳይሆን የእኛው ነበር። ብዙዎቻችን «ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ለፈረንጅ ሀገር በረዶ የተሠራ ነው፤ ለእኛ የቧንቧ ውሃ ይበቃናል» እንላለንና። ይህ አነጋገር ግን በደጋ ለሚኖር ሰው ይልቁንም የማይስማማ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ አዲስ አበባን በመሰለ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪናዎች ተርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንግዲህ ሞተሩ በደኅና ቀን የሚሠራበት ሙቀትና የውሃው መፍያ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ አንባብያን ያስተውሉ። ሁለቱን አራርቆ የሚያኖራቸው በመጀመሪያ የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ትነቱን አፍኖ ግፊት በመፍጠር የመፍያውን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ጎማው ያረጀ ክዳን እንደ ትንሽ ነገር አይታይ። ሁለተኛው ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ፈሳሽ ነው፤ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል መፍያውን በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ያደርጋል፤ ከእርሱ ጋር የሚጨመሩት መድኃኒቶችም ብረቱን ከዝገት ይጠብቃሉ። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ግን በሻይ በራድ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት በሞተሩ ጠባብ መተላለፊያዎች ላይም ይጋግራል። በሌላ በኩል ፈሳሹን ያለ ውሃ ብቻውን መሙላት ስሕተት ነው፤ ሙቀትን በመሸከም ውሃ ይበልጠዋልና።

እነዚህ መድኃኒቶች ከጊዜ በኋላ ኃይላቸው ያልቃል። የቀድሞው ዓይነት በ2 ዓመት፥ ረጅም ዕድሜ የተባለው ደግሞ በ5 ዓመት ገደማ ይለወጣል፤ ቁርጡን የሚናገረው ግን የመኪናው መጽሐፍ ነው። ዓይነቱንም በቀለም መለየት አይገባም። አረንጓዴና ቀይ ማለት የሠሪው ፈቃድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ የማይስማሙ ዓይነቶችም ሲቀላቀሉ አንዳንድ ጊዜ እንደ አጃ ሾርባ ይረጋሉ።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ሲጀመር ሞተሩ ሌሊቱን ያደረ፥ ከራዲያተሩ በላይ የሚገባው ወፍራም የጎማ ቱቦ በእጅ ሲነካ የቀዘቀዘ ይሁን። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም። ቁልፉም ከመኪናው ይውጣ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንትሌተር ሞተሩ ጠፍቶም ሳለ በድንገት ሊዞር ይችላልና። ከዚህ በኋላ ሰፊ ሳፋ ከራዲያተሩ ሥር አኑሮ ክዳኑን መክፈት፥ ቀጥሎም ከታች ያለውን ማፍሰሻ ማላላት ነው። ማፍሰሻው ፕላስቲክ እንደ ሆነ በፒንሳ አይታገሉት፤ ከተሰበረ ወጪው ከፈሳሹ ዋጋ ይበልጣል።

የወረደው ሲያልቅ ማፍሰሻውን ዘግቶ ንጹሕ ውሃ መሙላት፥ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቀት ከፍቶ ሞተሩን ማስነሣት ይገባል። የላይኛው ቱቦ ሲሞቅ ተርሞስታቱ ተከፍቶ ውሃው በሞተሩ ሁሉ ዞረ ማለት ነው። ከዚያ ማጥፋት፥ እስኪበርድ መጠበቅ፥ እንደ ገና ማፍሰስ። ሰው የሚሰለቸው በዚህ መጠበቅ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ግን መቸኮል አይጠቅምም። እኛ የወረደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አራት ጊዜ ደግመናል፤ ቅዳሜያችንም በዚሁ አለቀ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመሙላቱ ላይ ነው። በራዲያተሩ ማፍሰሻ የሚወርደው ሁሉም አይደለም፤ ከሞላው ግማሽ የሚያህለው በሞተሩና በማሞቂያው ውስጥ ይቀራል። በዚህ ላይ አስቀድሞ እኩል በእኩል የተበጠበጠ ፈሳሽ ቢጨምሩበት፥ በውስጥ ከቀረው ውሃ ጋር ሲደባለቅ ሩብ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ያልተበጠበጠውን ገዝቶ፥ መኪናው በጠቅላላው 6 ሊትር የሚይዝ እንደ ሆነ አስቀድሞ 3 ሊትር ማስገባት፥ የቀረውን በተጣራ ውሃ መሙላት ነው። የተጣራ ውሃ ለባትሪ የሚጨመረው ነው፤ አሲዱን ግን ከእርሱ ጋር እንዳያሳስቱ። ከዚያም ክዳኑን ሳይገጥሙ፥ ፊትንም ወደ አፉ ሳያቀርቡ ሞተሩን በዝግታ ማስነሣትና የአየር አረፋው እስኪያልቅ ቱቦውን እየጨመቁ የጎደለውን መጨመር፤ ሞተሩ ከመጋሉ በፊትም ክዳኑን መግጠም። በማግስቱ ጧት ከአጠገቡ ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ፈሳሹ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መኖሩን ማየት ነው። ፈሳሹ በየቀኑ ቢጎድል፥ የሞተሩም ዘይት ወተት የተጨመረበት ሻይ ቢመስል፥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናልና ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የመካኒክ ነው።

አሁን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ወዳነሣሣን ነገር እንመለስ። የመጀመሪያውን ቀን የወረደውን ፈሳሽ በሳፋው እንዳለ በረንዳ ሥር ትተን ለምሳ ገባን። ስንመለስ ጎድሎ አየን፤ ፈሰሰ ብለን ዝም አልን። ወደ ማታ ውሻችን ቡቺ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ሲሄድ ልጆቹ ሳቁ፤ እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ አብረን ሳቅን። በማግስቱ የተሻለው መሰለ። በሦስተኛው ቀን ግን መሽናት አቅቶት ሞተ። የእንስሳት ሐኪሙ ነገሩን ከሰማ በኋላ እንዲህ ሲል አስረዳን፦ ይህ ፈሳሽ ጣፋጭ ነው፤ በጉበት ውስጥ ወደ ሌላ መርዝ ተለውጦ ኩላሊትን ይገድላል፤ በመካከል የሚታየውም መሻል አታላይ ነው። ያን ቀን የሦስት ዓመት ልጃችን በዚያው በረንዳ ላይ ስትጫወት ውላ ነበር።

ለሕፃን ጥቂት ጉንጭ ሊገድል ይችላል። ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ፥ ወይም ጠጥቷል ተብሎ ከተጠረጠረ፥ ደኅና ቢመስልም ሳያስታውኩ፥ ምልክት እስኪታይም ሳይጠብቁ፥ የፈሳሹን ዕቃ ይዞ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። በጊዜ ለደረሰ ሰው መርዙን የሚመክት መድኃኒትና የኩላሊት እጥበት አለ።

በቤታችን ያለው ትልቁ አደጋ ግን ከሳፋው ይልቅ ጀሪካኑ ይመስለናል። ውሃ የምንቀዳበት፥ ዘይት የምንገዛበት፥ ጠላ የምንልክበት ያው ቢጫ ጀሪካን ነው፤ የተረፈውንም ፈሳሽ «ሃይላንድ» በሚባለው የውሃ ጠርሙስ አድርጎ በጓዳ መደርደሪያ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። እኛ አሁን የተረፈውን በመጣበት ዕቃ ብቻ እናኖራለን። የወረደውን ወደ ቦይም ወደ ጓሮም አናፈስሰውም፤ ወገቡን በቀይ ቀለም በቀባነው አንድ ጀሪካን ከተን በልጅ እጅ በማይደረስበት ቦታ ቆልፈን እናቆየዋለን፤ አሮጌ ዘይትና ፈሳሽ ወደሚቀበል ጋራዥም እናደርሰዋለን። ሳፋውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ አልታጠበበትም፤ ከጀሪካኑ ጋር ተቆልፎ ይቀመጣል።