ደመወዝ መጥቶ ደመወዝ እስኪደርስ



ውድ አንባቢያን፣ ደመወዝ በተቀበልን በሦስተኛው ሳምንት «ገንዘቡ የት ገባ?» ብለን ያልተጠያየቅን ባለ ትዳሮች እንኖር ይሆን? አስቤዛው ተገዝቷል፣ ኪራዩ ተከፍሏል። የተረፈው ግን በየትኛው ቀን ለምን እንደወጣ የሚያስታውስ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ በሱቅ ዱቤ ነው።

ኢስላም ይህን ጉዳይ ችላ አላለውም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ፉርቃን አንቀጽ 67 የወጪን ሚዛን መጠበቅ ከመልካም ባሮቹ መለያዎች አንዱ አድርጎታል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በቂያማ ቀን ስለ ገንዘቡ ከየት እንዳገኘው ብቻ ሳይሆን በምን ላይ እንዳዋለው እንደሚጠየቅ አስተምረዋል። ከየት እንዳገኘነው ብዙዎቻችን እንጠነቀቃለን፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ግን እንዘነጋዋለን።

በእኛ ላይ የደረሰው

እ.ኢ.አ. በ2017 እኛ ባልና ሚስት ወጪያችንን በደብተር መጻፍ ትተን በስልክ መተግበሪያ መመዝገብ ጀመርን። የኅዳርን ደመወዝ በወሩ ማብቂያ ተቀብለን ለአስቤዛ፣ ለትራንስፖርት፣ ለሶደቃ ደልድለን አስገባን። ታኅሣሥ 23 ቀን ስልኩን ስንከፍት ተሟጦ የነበረው የአስቤዛ መደብ ሙሉ ሆኖ ጠበቀን። ደስ ብሎን ገበያ ወጣን። ያወጣነው ግን ለኪራይ ያስቀመጥነውን ብር ኖሯል። ኪራዩን ከዘመድ ተበድረን ከፈልን፤ ለአንዲት የየቲሞች እናት በየወሩ የምናደርሰውም ለዚያ ወር ቀረ። ከብድሩ ይልቅ ያሳፈረን ይህ ነው።

ምክንያቱን በኋላ ደረስንበት። ታኅሣሥ 23 በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ነበር። መተግበሪያው ወር ተለወጠ ብሎ አዲስ በጀት ከፈተ፤ የእኛ ደመወዝ ግን ገና አንድ ሳምንት ይቀረው ነበር።

ምን እንመልከት?

አንደኛ፣ የበጀቱን መነሻ ቀን ራሳችን የምንወስንበት መተግበሪያ እንምረጥ። ለደመወዝተኛ ወር የሚጀምረው ደመወዙ በእጁ በገባበት ቀን ነው። «በየወሩ በዚህ ቀን» ብሎ በፈረንጆች ቀን መወሰንም አያስተማምንም፤ በ2017 ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 ሲውል፣ ነሐሴ 1 ደግሞ ኦገስት 7 ነበርና። ደመወዝ ሲገባ አዲሱን ጊዜ በራስ እጅ መክፈት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ወጪን በየመደቡ የሚለይ ይሁን። እናቶቻችን የዘይቱንና የከሰሉን ብር ለየብቻ በመሐረብ ይቋጥሩ ነበር። ጉድበጀት የተባለው መተግበሪያ በዚሁ ዓይነት ገንዘብን በየፖስታው በመክፈል ስልት የተሠራ ነው። ባልና ሚስት አንዱን ሒሳብ በየስልካቸው ማየት ከቻሉ ደግሞ «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» መባባሉ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ የቀረውን ብር ለቀሩት ቀናት አካፍሎ የሚያሳይ ይሁን። ለምግብና ለትራንስፖርት 6,000 ብር ያለው ቤተሰብ ለ30 ቀን በቀን 200 ብር ይደርሰዋል። ጳጉሜ ስትመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የጳጉሜ ደመወዝ የለም፤ የነሐሴው ገንዘብ 35 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም 36 ቀን ሊያደርስ ግድ ይላል። ያው 6,000 ብር ለ35 ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 171 ብር ይወርዳል፤ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርምም የሚገዛው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ በየደመወዙ ጥቂት ለይቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

አራተኛ፣ ጥንቃቄ አይለየን። የባንክ ሚስጥር ቁጥራችንን ለማንም መተግበሪያ አንስጥ። በየስልኩ «አሁኑኑ ተበደሩ» የሚለው ግብዣ ሲመጣም ወለድ ያለበት እንዳይሆን፣ ስሙ «የአገልግሎት ክፍያ» ቢባል እንኳ፣ አስቀድመን ዑለማእን እንጠይቅ።

ዘካን በተመለከተ

የደመወዝ ወር ከዘካ ዓመት ጋር አይደባለቅ። ዘካ የሚቆጠረው በሒጅራ ዓመት ሲሆን እርሱም 354 ወይም 355 ቀን ነው። ብዙ ዑለማእ በ85 ግራም ወርቅ የሚገምቱት ኒሷብ የሞላ ገንዘብ ዓመት ሲዞርበት ከመቶ 2.5 ይወጣለታል። ኒሷብ የሞላበትን የሒጅራ ቀን ለብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል። ረመዷንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ስለሚመጣ፣ አንዳንዴ ከደመወዝ ማግስት፣ አንዳንዴ ደግሞ ኪስ በሳሳበት ሳምንት ሊጀምር ይችላል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ስልክ የሌለው ሰው ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር ይበቃዋል። ዋናው ነገር ሒሳቡ ከደመወዝ እስከ ደመወዝ መሆኑ ነው። እኛ አሁን ደመወዝ በገባበት ምሽት ተቀምጠን በመጀመሪያ የምንለየው ያን ወር የቀረውን፣ የየቲሞቹን ድርሻ ነው። ከታኅሣሡ በኋላ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልተቋረጠም።

አላህ ሪዝቃችንን በበረካ ይሙላልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።